ከከሰል ካውያ እስከ ኤሌክትሪክ ካውያ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ዕቃ ቤት ብዙ ሲጻፍ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ በዓይን ትንሽ ስለምትመስል ዕቃ፣ ስለ ካውያ፣ ለመጻፍ ብዕሬን አነሣሁ። «ካውያ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከዕድራችን እናቶች አንዷ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸውን በስፌት ለማሳደግ ቆርጠው ተነሡ። የስፌት መኪናው ድሮ የተገዛ ነው፤ ይሠራል። ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጋጠሙ የአልጋ ልብስና የሕፃናት ልብስ ሰፍተው ይሸጣሉ። አንድ ቀን ከለቅሶ ቤት ስንመለስ «ጋሼ፣ ካውያ ልገዛ ነበር። አንዱ ባለ እንፋሎቱን ይለኛል፤ ሌላው ከባዱን ይለኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ የከሰሉ ይበቃሻል ትለኛለች። የቱን ልግዛ?» አሉኝ። ለጊዜው አንድ ሁለት ቃል ተናግሬ ተለያየን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው በሁለት ቃል የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ካውያ በእኛ ቤት እንጀራም ሆኗል፤ ሞትም ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ ማቅረብ መረጥሁ።

ካውያ ሳይመጣ በፊት

እናቶቻችን ልብስ ያሳምሩ የነበሩት ያለ ካውያ ነው። ነጠላውና ጋቢው በእንዶድ ይታጠባል። ከመድረቁ በፊት ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል። ከዚያም ተስተካክሎ ይታጠፍና ከፍራሽ ወይም ከመኝታ ጅባ ሥር ይገባል። ሌሊቱን የተኛው ሰው ክብደት ይጫነዋል፤ ጠዋት ሲወጣ ልብሱ ቀጥ ብሎ ይገኛል። እኛም ተማሪዎች ሳለን የካኪ ሱሪያችንን መስመር ያወጣነው በዚሁ ዘዴ ነበር። ታናሽ ወንድም ሌሊት የተገላበጠ እንደሆነ ጠዋት ሁለት መስመር ያለው ሱሪ ለብሶ ትምህርት ቤት መሄድ ነው!

በሌላውም ዓለም ሰው ያሰበው ይህንኑ ነው። ቻይናዎች ረጅም እጀታ ባለው የብረት መጥበሻ ውስጥ ፍም አድርገው ሐር ይተኩሱ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን የተሣለና ዛሬ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ሥዕል፣ የቤተ መንግሥት ሴቶች የተወጠረ ሐር በዚህ ዓይነት መጥበሻ ሲተኩሱ ያሳያል። በሰሜን አውሮፓ ደግሞ ድቡልቡል መስተዋት እየተጫኑ ጨርቅ ያለሰልሱ ነበር።

እንግዲህ ከሁሉም የምንረዳው፣ ጨርቅ ቀጥ የሚለው በሦስት ነገሮች መሆኑን ነው፤ በክብደት፣ በሙቀትና በእርጥበት። ክብደትና እርጥበት ሰው ጥንት የገዛቸው ናቸው። ያስቸገረው ሙቀቱ ነው። የካውያ ታሪክ ሙቀትን ለመግዛት የተደረገ ትግል ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ስሙም ቢሆን ከእሳት አይርቅም። ካውያ የሚለው ቃል ዝምድናው ከዐረብኛ ጋር ነው፤ በዚያ ቋንቋ ግሡ ልብስ መተኮስንም፣ ቁስልን በጋለ ብረት መተኮስንም ይገልጻል። የእኛውም «ተኮሰ» እንደዚሁ ነው፤ ልብስም ይተኮሳል፣ በሽተኛም ይተኮሳል፣ ጠመንጃም ይተኮሳል። አያያዙን ያላወቀ ሰው እጅ ሲገባ ሦስቱም ያው ናቸው።

ድሪቶ

አሁን በባሕር ማዶ እራፊ ጨርቅ ቆርጦ፣ አጋጥሞና በመሐሉ ጥጥ አስገብቶ መስፋት እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጠራል። በእኛ አገር ግን የዚህ ሥራ ዘመድ ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ ደግሞ የድህነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። «ድሪቶ ለባሽ» ማለት ስድብ ነበር። ዳሩ ግን ድሪቶ ምን እንደሆነ ልብ ብለን እንየው። ያለቀ ነጠላ፣ የተቀደደ ጋቢ፣ የአቡጀዲና የካኪ ቁራጭ ተደራርቦ ይሰፋል። በድርቡ መካከል አየር ስለሚያዝ ይሞቃል። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ የሆነው ለዚሁ ነው። ስለዚህ የደጋውን ብርድ ያወቁት እናቶቻችን ያደረጉት ነገር ሳይንስ የሚደግፈው ነው፤ ያጡት ስም የሚያወጣላቸው ሰው ነው እንጂ።

የስፌት መኪና ሲመጣ ይህ ሥራ መልኩን ለወጠ። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር ለመኪናው የፈጠራ መብት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ ዕቃ ወደ መሐል አገር መግባቱ ቀለለ። ከጉራጌ አገር ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የወጡ አባቶቻችንም ከጉልበት ሥራ ወደ ንግድ፣ ከንግድም ወደ ስፌት ገቡ። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በኢጣልያኖች ዘመን በተቋቋመው መርካቶ ውስጥ ኋላ የጉራጌ ነጋዴና ልብስ ሰፊ ምን ያህል እንደ ነበር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ለመስቀልና ለአረፋ ወደ አገር ቤት ሲገባ ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም፤ ለልጅ ልብስ፣ ለእናት ጋቢ፣ አቅም ሲኖር ለእህት የስፌት መኪና ይመጣል። መኪናው ሲመጣ ካውያው አብሮ ይመጣል፤ ያልተተኮሰ ስፌት ያልተጠናቀቀ ስፌት ነውና።

የከሰል ካውያ

በአገራችን ብዙዎቻችን ያደግንበት ካውያ ባለ ከሰሉ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ የብረት ሣጥን፣ ከላይ የሚከፈት ክዳን፣ የእንጨት እጀታ፣ በጎንና በጎኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ነው። የአንዳንዱ ክዳን መቆለፊያ በአውራ ዶሮ ቅርጽ የተሠራ ነበር።

ወልቂጤ ላይ እናቴ (በእኛ ቋንቋ አዶት የምንላት) ከሦስት ኪሎ የማያንስ እንዲህ ያለ ካውያ ነበራት። አባቴ ገና በልጅነታችን አርፎ ነበርና አምስት ልጆች ያሳደገችው በዚያ ካውያና በአንድ የእግር መኪና ነው። ፍሙን ከምድጃ በቆንጥጥ እያነሣች ትሞላዋለች። ሲቀዘቅዝ ደጅ ወጥታ ወዲያና ወዲህ ታወዛውዘዋለች፤ አመዱ ይረግፋል፣ ፍሙ ይቀላል። ከዚያ ጣቷን በምራቋ አርሳ ነካ ታደርገውና «ጭስ» ሲል ትሰማለች። በድምፁ ብቻ ለአቡጀዲ የደረሰውን ለሱፍ ከደረሰው ትለያለች። መተኮሻ ገጹ ሲሻክር ሻማ በጨርቅ ጠቅልላ ታሸዋለች። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። አንድ ፍንጣሪ ከወደቀ ግን የሰው ልብስ ተበሳ፤ የሳምንት ድካም ቀረ።

በሌላው ዓለምም ችግሩ ይኸው ነበር። አሜሪካዊቷ ሜሪ ፍሎረንስ ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1871 እጀታው የሚነቀል ካውያ በስሟ አስመዘገበች። አንድ የእንጨት እጀታ ለብዙ ብረቶች ያገለግላል፤ አንዱ ብረት ሲተኩስ ሌሎቹ ምድጃ ላይ ይግላሉ። አመድና ፍንጣሪ ከልብሱ ራቀ፤ እጅም አልተቃጠለም። ሙቀቱን መቆጣጠር ግን አሁንም አልተቻለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ የመስቀል ልብስ የሚሰፋበት ጊዜ ደርሶ እናቴ ሌሊትና ቀን ትሠራ ነበር። ዝናቡ አያባራም። ብርዱን ፈርታ በርና መስኮቱን ዘጋች፤ የከሰሉን ምድጃ፣ የፍሙ ምንጭ ነውና፣ ቤት ውስጥ አስገባች። እኔና ታናሽ እኅቴ ጥግ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ እንለያለን። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ቀጥሎ እኅቴ አስመለሳት። እናቴ «ምች ይሆናል» ብላ ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ መኪናው ላይ ተደገፈችና ወደቀች። ካውያው ጨርቁ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ።

ያዳነችን ለቡና ልትጠራን የመጣች ጎረቤት ናት። መልስ ስታጣ በሩን በርግዳ ገባች፤ ጮኸች፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ጎትተው ደጅ ዝናብ ላይ አወጡን። ያን ቀን ቡና ባይፈላ ኖሮ ዕድሩ ድንኳን በተከለ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ምች ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ሲል ሰነበተ።

ምችም ዓይነ ጥላም አልነበረም። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከሰሉ ቀይ ሆኖ ጭስ ባይታይበትም ጋዙ አለ። በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ይይዝበታል፤ የመያዝ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ከዚያም እንቅልፍ የያዘው እየመሰለው ይሄዳል። መፍትሔው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ብዙዎቻችን «ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም» ስንባል አድገናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

የኤሌክትሪክ ካውያ

ኒውዮርካዊው ሄንሪ ሲሊ የኤሌክትሪክ ካውያ ፈጠራውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የሚገርመው፣ የኤዲሰን የኤሌክትሪክ ማመንጫ በኒውዮርክ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ መሆኑ ነው። ካውያው ቀድሞ፣ መብራቱ ተከትሎ መጣ ማለት ነው። ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ የሚግል ሽቦ የተገኘው ግን ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ሽቦን አስመዘገበ። በ1920ዎቹ ደግሞ ቴርሞስታት ያላቸው ካውያዎች ወጡ። ቴርሞስታት ማለት ሲሞቁ እኩል የማይረዝሙ ሁለት ብረቶች የተጣበቁበት ምላስ ነው። ሙቀቱ ከተፈለገው ሲደርስ ምላሱ ይጣመምና ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለስና ያገናኛል። እናቴ በምራቅና በጆሮዋ ታደርገው የነበረውን ይህ ትንሽ ምላስ ተካው።

በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራት በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተጀመረ። የኢትዮጵያ የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ቆቃ በ1952 ዓ.ም.፣ ከወልቂጤ ወደ ጅማ አቅጣጫ የሚገኘውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። እኛ ቤት መብራት ሲገባ እናቴ መጀመሪያ የገዛችው ሬድዮ አልነበረም፤ ካውያ ነበር።

ጥቁር ልብስ

ቡታጅራ ልብስ ሰፊ የነበረ አጎት ነበረኝ። ሕዝቡ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ እያዋጣ መንገድ ማሠራት ከጀመረ በኋላ፣ ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሆሳዕና የሚያልፈው መኪና ሱፉንም ተትሮኑንም ያመጣለት ነበር። አጎቴ በሙያው የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሐዘን ልብስ። «ለሠርግ የሚሰፋ ሰው ወር ይሰጥሃል፤ ለለቅሶ የሚሰፋ ሰው ግን ሌሊት ብቻ ነው የሚሰጥህ» ይል ነበር። በችኮላ ጥቁር ጨርቅ ላይ የጋለ ካውያ ካሳረፉ ጨርቁ ያብለጨልጫል፤ ያ ብልጭታ ታጥቦ አይለቅም። ተትሮን ከሆነማ ይቀልጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

አጎቴ ታዲያ ሁልጊዜ በካውያውና በጥቁሩ ልብስ መካከል ውሃ የነካው ነጭ አቡጀዲ ያደርግ ነበር። በተቻለም መጠን ልብሱን ገልብጦ በውስጡ በኩል ይተኩሳል። ይህ ዘዴ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ውድ ከተባለው ካውያም ይበልጣል።

የቱን እንምረጥ?

አሁን የእኅታችንን ጥያቄ ልመልስ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ለስፌት መተኮስና የታጠበ ልብስ መተኮስ ሁለት ሥራ መሆናቸው ነው። የታጠበውን ልብስ ካውያውን እየገፋን እንተኩሳለን። እራፊ አጋጥመን ስንሰፋ ግን ካውያው አይገፋም፤ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይጫናል፣ ደግሞ ይነሣል። ከተገፋ ጨርቁ፣ በተለይ በሰያፍ የተቆረጠው፣ ይለጠጥና ማዕዘኑ ከማዕዘን አይገጥምም። አንድ ስፌት በተሰፋ ቁጥር ሌላው ሳይቀጠል በፊት ይተኮስ። በመጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ እተኩሳለሁ ማለት የተጣመመ ግድግዳ በልስን አቃናለሁ እንደ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ፣ ለቤት ስፌት እኔ የምመርጠው ከበድ ያለ፣ መተኮሻ ገጹ ለስላሳና ቀዳዳ የሌለው፣ ጫፉ ሹል የሆነ፣ ባለ ቴርሞስታት ደረቅ ካውያ ነው። ክብደቱ በእጅ ፈንታ ይሠራል። ሹል ጫፉ ትንንሽ ስፌት ውስጥ ይገባል። እርጥበት ሲያስፈልግ ውሃ የነካው ጨርቅ ይበቃል። ባለ እንፋሎቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለወፍራም ሱፍና ለመጋረጃ ጥሩ ነው። ነገር ግን ውሃችን ማዕድን ሲበዛበት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ አንድ ቀንም ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ በነጭ ጨርቅ ላይ ይተፋል። መግዛቱ ካልቀረ ፈልቶ የጠለለ ውሃ ቢጨመርበት ይሻላል፤ ሥራው ሲያልቅም ውሃው ይደፋ።

ከሱቅ ሳይወጡ የሚታዩ ነገሮችም አሉ። የሙቀት ማዞሪያው ነጠብጣቦች ትርጉም አላቸው፤ አንድ ነጠብጣብ 110 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለናይሎን ነው፤ ሁለት 150 ገደማ ሆኖ ለሱፍና ለፖሊስተር፤ ሦስት ደግሞ 200 ገደማ ሆኖ ለጥጥና ለተልባ እግር ልብስ ነው። ሰልባጅ ቆርጦ የሚሰፋ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ አንዱ እራፊ ጥጥ፣ ጎረቤቱ ናይሎን ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የሚበጀው ደካማው የሚችለው ሙቀት ነው። በመሐሉ ስፖንጅ ወይም ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለበት የአልጋ ልብስ ደግሞ ሙሌቱ ከገባ በኋላ አይተኮስም። ሙሌቱ ተሰባብሮ ይቀጥናል፣ ሲብስም ይቀልጣል።

ኤሌክትሪኩም ይታይ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ 120 ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ካውያ ላዩ ላይ 120 ብቻ ከተጻፈበት በቀጥታ አይሰካም፤ ከተሠራበት ከሦስት ጊዜ በላይ ኃይል ስለሚስብ ወዲያው ይቃጠላል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። 1000 ዋት የሆነው ካውያ አራት አምፔር ተኩል ያህል፣ 2000 ዋት የሆነው ግን ዘጠኝ አምፔር ያህል ይስባል። ቤታችሁ የቆየና ሽቦው ቀጭን ከሆነ አነስ ያለው ዋት ይሻላል። በማከፋፈያም ከምጣድ ጋር አብሮ አይሰካ። ገመዱ የተላጠ፣ ግራውንድ የሌለው ካውያ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሲሠራበት አደገኛ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ የምናውቀው ችግር ነው። የከሰሉን ካውያ ጣሉት አልልም፤ እኔን አሳድጎኛል። ነገር ግን ሥራው በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ይሁን፤ ቢያንስ በርና መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈት። ምድጃው በፍጹም ቤት አይግባ። ፍሙም ሥራው ሲያልቅ ደጅ ይደፋና በውሃ ይጥፋ። ልብሱ ለመስቀል ባይደርስ ለሚቀጥለው ይደርሳል።

ለዕድራችን የማቀርበው አሳብ

ዕድራችን የተቋቋመው ሰው ሲሞት በክብር ለመቅበርና የቀረውን ለማጽናናት ነው። ሆኖም ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ያቺ እናት ከነልጆቿ እዚያው ናት። በጠቅላላ ጉባኤያችን እንዲታይልኝ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አባሉን ያጣ ቤተሰብ በስፌት ለመተዳደር ሲነሣ፣ ከምንሰጠው ርዳታ በላይ ደህና ካውያ የሚገዛበት ትንሽ ብድር ብንጨምርለት። መኪና ሰጥቶ ካውያ መንሳት በሬ ሰጥቶ ቀንበር እንደ መንሳት ነው። ሁለተኛ፣ በየወሩ መዋጮ ስንሰበስብ ስለ ከሰል ጋዝ አንድ ቃል እንድንነጋገር። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ምናልባት አንድ ድንኳን ያስቀራል።

እናቴ አርጅታ፣ ልጆቿን ለቁም ነገር አብቅታ ነው ያረፈችው። አልጋዋ ላይ ተዘርግቶ የነበረው በዚያ በነሐሴ ቀን ስንለያቸው ከነበሩት ቁርጥራጮች የተሰፋ ድሪቶ ነው። በአንዱ ጥግ ካውያው ተቀምጦ የቀረበት ቡናማ ምልክት ዛሬም ይታያል። ደህና እራፊ ሰፍተን እንሸፍነው ስንላት «ተዉት፣ እሱ ይታይ» ትለን ነበር።

ቸር ይግጠመን።